የወረርሽኝ ዘመን የገንዘብ ሕግና የመንዝ ባላገር



መንግሥት በችግር ጊዜ ገንዘብ የሚሰጥበት ወይም ሊቀበለው የሚገባውን ገንዘብ የሚተውበት ሕግ አዲስ አበባ ላይ ከታወጀ በኋላ፣ ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐ ቤቴ በምን መንገድ እንደሚደርስ መመርመር፣ በመሥሪያ ቤት ለምንውል ሰዎች የሚጠቅም ትምህርት ነው። ወረቀቱ በእጃችን የሚያልፈው እኛ ነንና። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን፣ በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የወጡትን የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕጎች አንሥተን፣ እያንዳንዳቸው ማንን እንደ ደረሱና ማንን እንዳለፉ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ማነቃቂያ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። አያቶቻችን በ1880ዎቹ ዓመታት ያዩት ክፉ ቀን፣ ከብቱ በበሽታ ስላለቀ የሚያርስ በሬ የጠፋበት ዘመን ነበር። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለም እህል የለም። በዚያን ጊዜ የታጣው ሀብቱ ራሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በሬው በበረቱ፣ በጉም በመስኩ ነበረ፤ ባና የሚሠራው ሸማኔ እጁም መሣሪያውም አልጎደለበትም፤ ገዢውም በከተማ ገንዘቡን እንደ ያዘ ነበር። የቀረው መገናኘቱ ብቻ ነው። ሻጭና ገዢ እንዳይገናኙ ሲደረግ ሻጩ ገቢ ያጣል፤ ገቢ ያጣ ሰው ዕዳውን አይከፍልም፤ ዕዳው ያልተከፈለው ነጋዴ ሠራተኛውን ያሰናብታል፤ የተሰናበተውም ሠራተኛ በበኩሉ ከሌላው መግዛቱን ይተዋል። እንደዚህ እያለ፣ በጤናው ያለው ሰው ሁሉ ሳይታመም ይደኸያል። ይህን ሰንሰለት በመካከሉ ለመቁረጥ መንግሥት ሦስት ዓይነት መሣሪያ አለው፤ ይኸውም መስጠት፣ መተውና መከልከል ነው። ሦስቱን ለይቶ ማየት ለኋላው ነገራችን ስለሚያስፈልግ አድማጮቻችን በልቡናቸው እንዲይዙልን እንለምናለን።

ሀብታሞቹ አገሮች በብዛት የተጠቀሙት በመስጠቱ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው በመጋቢት ወር ባጸደቀው አንድ ሕግ ብቻ 2.2 ትሪሊዮን ዶላር ያህል ተመደበ፤ ገቢው ከተወሰነው መጠን ላላለፈ ለእያንዳንዱ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰውም 1,200 ዶላር በቤቱ እንዲደርሰው ተደረገ። ይህን ለማድረግ ያስቻላቸው የገንዘባቸው ብዛት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው በግብር መዝገብ ላይ ስሙ፣ አድራሻውና የባንክ ሒሳቡ አስቀድሞ ተጽፎ ስለሚገኝ ነው። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ገንዘቡ በግምጃ ቤት ቢሞላም መንገድ ባጣ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመጀመሪያው በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ታወቀ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ይህም በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 መሠረት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚያዝያ 2 ቀን ጸደቀ። የአዋጁ ዘመን 5 ወር ነበር። አዋጁን ለማስፈጸም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 466/2012ን አወጣ። ከዚህም ጋር የገንዘብ ሚኒስቴርና ብሔራዊ ባንክ በየበኩላቸው የሚመለከታቸውን እርምጃ ወሰዱ። ብሔራዊ ባንክ ተበዳሪዎች ዕዳቸውን የሚከፍሉበት ጊዜ እንዲራዘምላቸውና ድርጅቶች እንዳይከስሩ በማሰብ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር እንዲቀርብ አደረገ።

በግብር በኩል በሚያዝያ ወር የተወሰነው ደግሞ እንደሚከተለው ነው። እስከ 2007 በጀት ዓመት ድረስ ሳይከፈል የቆየ የግብር ዕዳ ተሰረዘ። ከ2008 እስከ 2011 ባለው ዘመን ለተጠራቀመው ዕዳ ወለዱና መቀጫው ምሕረት ተደረገለት። እንዲሁም በወረርሽኙ ምክንያት ሥራቸው ቆሞ ሳለ የሠራተኞቻቸውን ደመወዝ መክፈላቸውን የቀጠሉ ድርጅቶች፣ ከደመወዙ ላይ ቀንሰው ለመንግሥት ያስገቡት የነበረው ግብር ለ4 ወር እንዲቀርላቸው ተደረገ። ይህ የመጨረሻው ብልኅ አሳብ ነው። ድርጅቱ ሠራተኛውን ያሰናበተ እንደ ሆነ ጥቅሙ ይቀርበታልና። ለምሳሌ በወር 4,000 ብር የሚከፈለው የሆቴል ሠራተኛ ቢኖር፣ በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ በነበረው የገቢ ግብር ስሌት ከመቶ 20 ሲሰላ 800 ብር፣ ከዚያም ላይ 302 ብር ከ50 ሳንቲም ሲነሣ የሚቀረው ግብር 497 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ በ4 ወር 1,990 ብር ይሆናል። ለአንድ ሰው ይህ ነው፤ መቶ ሠራተኛ ላለው ሆቴል ግን ወደ 200 ሺህ ብር የሚጠጋ ስለሆነ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

አድማጮቻችን እንደሚያስተውሉት፣ እስካሁን የተቈጠሩት ሁሉ ከሦስቱ መሣሪያዎች ‹መተው› ከተባለው ወገን ናቸው። መተው ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። ሊተውለት የሚችለው አስቀድሞ በመንግሥት መዝገብ ላይ ዕዳ የተጻፈበት ሰው ብቻ ነው። ግብር ከፋይ ያልሆነ ሰው የግብር ምሕረት አያገኝም፤ ከባንክ ያልተበደረም የብድር ጊዜ አይራዘምለትም።

አሁን ከአዲስ አበባ ወደ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን፣ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል አልፈን ወደ መሐል ሜዳ እንውጣ። በዚያ ብርዳም ደጋ የሚኖር አንድ ገበሬ እንበል። ገብስና ባቄላ ያመርታል፤ ውርጭ ካልመታው ለዓመት ቀለብ የሚበቃ፣ ከመታውም የማይበቃ እህል ያገኛል። ለጨው፣ ለልጆች ልብስና ለሕክምና የሚሆነው ጥሬ ገንዘብ የሚመጣው ከበጉ ነው። የመንዝ በግ ሰውነቱ አነስ ያለ፣ ጠጕሩ የበዛ፣ ብርዱንና የሣሩን እጥረት የለመደ ነው። ሴቶቹ ጠጕሩን ይፈትላሉ፤ ወንዶቹም ባናና ዝተት ይሠሩበታል። ዋናው የበግ ገበያ ግን በዓል ነው፤ ከበዓላትም ሁሉ ፋሲካ ይበልጣል። ገበሬው ዓቢይ ጾምን ሙሉ በጉን ሲያሰማራ ልቡ ያለው በቅዳሜ ሹር ገበያ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2012 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ቀን ነው። ይህም ማለት አዋጁ ከወጣ 11 ቀን፣ ምክር ቤቱ ካጸደቀው 9 ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለበት፣ የሕዝብ ማመላለሻ ከመቀመጫው ግማሽ ያህሉን ብቻ እንዲጭን በታዘዘበት፣ በክልሉም ውስጥ ባሕር ዳርና አዲስ ቅዳምን የመሳሰሉ ከተሞች ከመጋቢት 22 ቀን ጀምሮ ለ14 ቀን ተዘግተው በቆዩበት ሰሞን ነው። ሕመሙን ለመከላከል የታዘዘው ሁሉ ተገቢ ነበር፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ነገር ግን ለአንድ የመንዝ ገበሬ ከፋሲካ ገበያ መቅረት ማለት፣ ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ በአንድ ቀን እንደ ማጣት ያለ ነገር ነው። በጉ ለሌላ ጊዜ ይቆያል ይባል ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው፤ ሆኖም በጉ ሲቆይ ሣር ይበላል፤ ዋጋውም ከበዓል በኋላ ይወርዳል።

ከላይ ከዘረዘርናቸው ምሕረቶች ለዚህ ሰው የትኛው ይደርሰዋል? የግብር ዕዳ ስረዛው ነጋዴውን የሚመለከት ነው። ገበሬው የሚከፍለው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ለክልል የተሰጠ ስለሆነ፣ የፌዴራሉ ምሕረት በቀጥታ አይነካውም። የባንኩ 15 ቢሊዮን ብርም ጎጆው ድረስ የሚያመጣው መንገድ የለውም። ይህን ስንል ሕጉን ያወጡትን ለመንቀፍ አይደለም፤ በጭንቅ ጊዜ እጅ ቶሎ የሚደርሰው በቅርብ ባለው መዝገብ ላይ ነውና። ግን መዝገቡ ማንን እንደ ያዘ አውቆ መናገር ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ የገበሬውን ቤት በሩቅ መንገድ የነካ አንድ ድንጋጌ ነበረ። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ይወርዳሉ፤ በቀን ሥራ፣ በቤት ሠራተኝነት፣ በምግብ ቤትና በሱቅ ያገለግላሉ፤ ካገኙትም ላይ ቀንሰው ለወላጆቻቸው ይልካሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የደመወዝ መዝገብ ላይ ስላልተጻፉ፣ የ4 ወሩ የግብር ምሕረት በእነርሱ ስም ለማንም አልደረሰም። ደንብ ቁጥር 466 ግን አከራይ ተከራዩን ከቤት እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር፣ አሠሪም ከተፈቀደው ሥርዓት ውጭ ሠራተኛ እንዳያሰናብት ከለከለ። ሦስተኛው መሣሪያ፣ መከልከል፣ ይህ ነው። መከልከል መዝገብ አይፈልግም፤ በጀትም አይጠይቅም። በአንዲት የተከራየች ክፍል ውስጥ ለሦስት ለአራት ሆነው የሚያድሩ የመሐል ሜዳ ልጆች፣ ስማቸው በየትኛውም ጽሕፈት ቤት ሳይኖር ሕጉ በራቸው ላይ ቆሞ ሊጠብቃቸው ይችላል። በተግባር ግን የኪራይ ውሉ በቃል በሆነበት ቤት ‹ስንት ትከፍል ነበር?› ለሚለው ጥያቄ ማስረጃ ማቅረብ እንደሚያስቸግር፣ በቀበሌ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

የቀረው መስጠቱ ነው። መንግሥት በመጋቢት መጨረሻ ያስታወቀው ዕቅድ 1 ቢሊዮን 640 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ አሳየ። ከዚህ ውስጥ 635 ሚሊዮኑ የምግብ ዋስትና ላጡ፣ በገጠሩም ሆነ በከተማው ሴፍቲኔት ላልታቀፉ 15 ሚሊዮን ሰዎች ለአስቸኳይ የምግብ ዕደላ፤ 430 ሚሊዮኑ ለጤና ጥበቃ፤ 282 ሚሊዮኑ ለመጠለያና ምግብ ላልሆኑ ቁሳቁሶች፤ የተረፈው 293 ሚሊዮን ለእርሻ፣ ለትምህርት፣ ለስደተኞችና ለመሳሰለው ነበር። ዕቅድ እንጂ በእጅ ያለ ገንዘብ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሚያዝያ ወር የፈቀደው 411 ሚሊዮን ዶላርም በብድር የመጣ ነው። ለምግብ የተባለውን ለ15 ሚሊዮን ብናካፍለው ለአንድ ሰው 42 ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 1,400 ብር ገደማ ይደርሳል። አሜሪካዊው ከተቀበለው 1,200 ዶላር ጋር ማወዳደሩን ለአድማጮቻችን እንተዋለን።

በመንዝና በግሼ ደጋ ግን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ሌላ መንገድ ነበረ፤ ይኸውም ሴፍቲኔት ነው። በየቀበሌው የተመረጡ ችግረኛ ቤተሰቦች በወር የተወሰነ ቀን እርከን ይሠራሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ፣ ምንጭ ያጎለብታሉ፤ ለዚህም እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላሉ። መሥራት የማይችሉት አረጋውያንና ደካሞች ያለ ሥራ ይቀበላሉ። ወረርሽኙ ሲመጣ ሰው በአንድነት ወጥቶ እንዳይሠራ ለጥንቃቄ ሲባል የሥራው ግዴታ እንዲላላና ክፍያው እንዲቀጥል ተደረገ። አዲስ ሕግ፣ አዲስ ኮሚቴ፣ አዲስ ማኅተም አላስፈለገም። ስሙ ተጽፏል፤ ከፋዩም ቤቱን ያውቃል።

ውጤቱም ተመዝኗል። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ባልደረቦች ያሉበት አንድ ጥናት፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች የሚኖሩ የገጠር ቤተሰቦችን በነሐሴ 2011 እና በሰኔ 2012 ዓ.ም. ጠይቆ አነጻጸረ። ወረርሽኙ ከመጣ በኋላ የምግብ ዋስትና ያጡት ቤተሰቦች ከመቶው በ11.7 ጨመሩ። በሴፍቲኔት በታቀፉት ዘንድ ግን ጭማሪው ከመቶው 2.4 ብቻ ሆነ። ስለ ሕግና ስለ ገንዘብ በዚያ ዓመት ከተነገረው ሁሉ፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ቍጥር የለም። ለደጋው ገበሬ የደረሰው ማነቃቂያ በ2012 የታወጀው ሳይሆን፣ ከ15 ዓመት በፊት የተጻፈው ስም ነበር።

የመንዝ ሰው ይህን ዓይነቱን ብልኃት ከጥንት ያውቀዋል። ጓሳ የሚባለውን ሰፊ የሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት እየጠበቀ፣ አንዳንድ ጊዜ ለ3 እና ለ5 ዓመት ዘግቶ ያቆየው ነበር፤ የሚከፈተውም ሌላው መስክ በደረቀበት፣ ከብቱ በተቸገረበት ወራት ነው። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ጭምር ይሆናል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን እንደ ገና አንሥቶታል። ጓሳው ሲከፈት ማን አባል፣ ማን ባዕድ እንደ ሆነ ለመለየት ሰዎቹ በችግሩ ቀን አይሰበሰቡም ነበር፤ ባለመብቱ በዘር ሐረግ አስቀድሞ የታወቀ ነውና።

እዚህ ላይ የሴፍቲኔቱም መዝገብ፣ የጓሳውም ደንብ አንድ የጋራ ጕድለት አላቸው፤ በውጭ የቀረውን አያዩትም። በመዝገቡ ዘመን ገና ከአባቱ ቤት የነበረ፣ ከዚያ በኋላ ሚስት አግብቶ ጎጆ የወጣ ወጣት፣ መሬቱም ከአባቱ ተካፍሎ የተገኘ ቁራሽ የሆነ፣ ስሙ የሚገኘው በአባቱ ቤተሰብ ቍጥር ውስጥ ሊሆን ይችል ነበር። ዕቅዱ ‹በሴፍቲኔት ያልታቀፉ› ብሎ የጠራቸው እነዚህን ጭምር ነበር። ይህን ወጣት ፈልጎ ለማግኘት ግን የቀበሌው ጸሐፊ አዲስ ዝርዝር ማዘጋጀት፣ የወረዳው ባለሙያ መመርመር፣ የዞኑ ጽሕፈት ቤት ማጽደቅ ነበረበት፤ ያውም ከ4 ሰው በላይ ተሰብስቦ መነጋገር በተከለከለበት ወራት።