ገጹን የሚያነብ ወዳጅ፦ ከኮሚክ ሂስ ጋር ትውውቅ

በአሜሪካ የኮሚክ መጽሔት ሱቆች ረቡዕ ረቡዕ አዳዲስ እትሞች መደርደሪያ ላይ ይወጣሉ። በአንድ በኩል የትላልቅ ኩባንያዎች ንብረት የሆኑት ልዕለ ጀግኖች፣ እነ ሱፐርማን፣ ባትማንና ስፓይደርማን ይደረደራሉ። በሌላ በኩል አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ስለው፣ አንዳንዴም ከኪሳቸው አውጥተው ያሳተሟቸው ገለልተኛ ኮሚኮች ይገኛሉ። ሁለቱንም ገዝቶ፣ አንብቦና አመዛዝኖ ለመሰል ወዳጆቹ ሂስ የሚጽፍ አንባቢ አለ። ብዙውን ጊዜ ለጽሑፉ የሚከፍለው የለም፤ የሚጽፈው ሙያውን ስለሚወድ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ አንባቢ ሥራ ጋር ያስተዋውቃል፤ አንድ አቋምም ይዟል። ጥሩ የኮሚክ ሂስ ሁለት ነገር የሚያደርግ ነው፦ ገጹ እንዴት እንደተሠራ ያሳያል፤ ማን እንደሠራውና በምን ሁኔታ እንደሠራው ይናገራል። ታሪኩን መልሶ መተረክ፣ ኮከብ መደርደርና ጀግናውን ከጀግና ማወዳደር ከእነዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን የያዘ ሃያሲ የልዕለ ጀግናውንም የገለልተኛውንም ሥራ በአንድ ሚዛን መመዘን ይችላል።

ልማዱ የተወለደው ከደብዳቤ ነው። በ1960ዎቹ መግቢያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የዲሲ ኮሚክስ ኩባንያ አርታዒ የነበረው ጁሊየስ ሽዋርትዝ የአንባቢያንን ደብዳቤ ከነሙሉ አድራሻቸው ማውጣት ጀመረ። በየከተማው ለየብቻቸው ያነቡ የነበሩ ሰዎች በዚያ ሰበብ ተገናኝተው መጻጻፍ ቻሉ። በ1961 ጄሪ ቤይልስ የተባለ የዲትሮይት የኮሌጅ መምህር ከወጣቱ ሮይ ቶማስ ጋር ሆኖ "ኦልተር ኢጎ" የተሰኘ፣ በማባዣ የተዘጋጀ የወዳጆች መጽሔት አወጣ። እንዲህ ያሉት መጽሔቶች ፋንዚን ይባላሉ። በዚያን ዘመን ብዙ ኮሚኮች የጸሐፊና የሠዓሊ ስም ሳይኖራቸው ይታተሙ ስለነበር ወዳጆቹ የመስመሩን አጣጣል እያዩ የትኛው ሥራ የማን እንደሆነ ይለዩ ነበር። ቤይልስ በ1970ዎቹ የአሜሪካ ኮሚክ ሠሪዎችን ማንነት በቅጽ በቅጽ እስከማሳተም ደረሰ፤ ሮይ ቶማስም በ1972 ስታን ሊን ተክቶ የማርቭል ኮሚክስ ኩባንያ ዋና አዘጋጅ ሆነ። በ1976 በጌሪ ግሮት መሪነት የተጀመረው "ዘ ኮሚክስ ጆርናል" ደግሞ የወዳጅን ሙገሳ ወደ ጎን ትቶ ኮሚክን እንደማንኛውም ጥበብ በጥብቅ መመዘን ጀመረ። እንግዲህ ሥራው ገና ከጅምሩ ሁለቱን ጥያቄዎች ይዞ የመጣ ነው፤ ይህ እጅ የማን ነው? ሥራውስ ምን ያህል ይመዝናል?

የመጀመሪያውን ግዴታ፣ ማለትም ገጹን ማንበብን፣ በግልጽ ያስረዳው በ1993 "አንደርስታንዲንግ ኮሚክስ" የተባለውን መጽሐፍ ያሳተመው ስኮት ማክላውድ ነው። እንደ እሱ አገላለጽ የኮሚክ ጥበብ ዋና ጉዳይ በሁለት የሥዕል ሳጥኖች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ይፈጸማል፤ አንባቢው ያልተሳለውን ድርጊት በአእምሮው ይሞላዋል። ስለዚህ ሠዓሊው የሚወስነው የሚሳለውን ብቻ አይደለም፤ ምን ሳይሳል እንደሚቀር፣ ሳጥኑ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ዓይን ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍም ይወስናል። የየካቲት 1966 ቀን የተጻፈበትን የ"አሜዚንግ ስፓይደርማን" 33ኛ እትም እንመልከት። ስፓይደርማን ከባድ ማሽን ተጭኖት ወድቋል፤ ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል፤ የአክስቱን ሕይወት የሚያድነው መድኃኒት እጁ ከማይደርስበት ቦታ ተቀምጧል። ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ መጀመሪያ ጀግናውን በጠባብ ሳጥኖች ውስጥ ያፍነዋል። ማሽኑ የሳጥኑን አናት ሞልቶ ይጫናል፤ ሰውየው ከታች ይጨፈለቃል። ጥረቱ ሲበረታ ሳጥኖቹ ይሰፋሉ፤ በመጨረሻም ማሽኑ ሲነሣ አንድ ሙሉ ገጽ ለአንድ ሥዕል ይለቀቃል። አንባቢው የተሰማው እፎይታ ከቃላቱ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ቦታ ሲለቀቅ ነው የተሰማው። "ስፓይደርማን ማሽን አንሥቶ መድኃኒቱን ወሰደ" ብሎ የሚያልፍ ሂስ ከዚህ እትም ምንም አልነገረንም።

በዚሁ ዓይን የተለያዩ ሥራዎችን ማየት ይቻላል። ጸሐፊው አለን ሙርና ሠዓሊው ዴቭ ጊቦንስ በ1986 እና በ1987 ባወጡት ባለ12 እትሙ "ዎችመን" ብዙ ገጾች በሦስት ረድፍ ዘጠኝ እኩል ሳጥኖች ሆነው ይከፈላሉ። በ5ኛው እትም የመጀመሪያው ገጽ አከፋፈል የመጨረሻውን ገጽ ይመስላል፤ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ያለውን ይመስላል፤ እንዲህ እያለ እስከ መካከል ይዘልቃል። ሥርዓትን በሙጥኝ ስለያዙ ሰዎች የሚተርክ መጽሐፍ ራሱ በሥርዓት ተቀፍድዶ ይታያል። ከዚህ እጅግ የራቀውን የአርት ስፒግልማንን "ማውስ" ደግሞ እንውሰድ። ደራሲው ከናዚ እልቂት የተረፉትን የወላጆቹን ታሪክ አይሁዶችን በአይጥ፣ ናዚዎችን በድመት መስሎ ተርኮ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። አብዛኞቹ ኮሚኮች በትልቁ ተስለው ለኅትመት ሲያንሱ መስመራቸው ይጠራል። ስፒግልማን ግን በሚታተምበት ልክ በብዕር ሳለው። የእጁ መንቀጥቀጥና የመስመሩ መሻከር ሳይታረም ስለቀረ ገጹ የማስታወሻ ደብተር ስሜት ይሰጣል። አንዱ የልዕለ ጀግና፣ አንዱ የሠዓሊው የግል ሥራ ሆኖም ሁለቱን የምንጠይቃቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ የገጹ አሠራር ለተባለው ነገር ምን ጨመረለት?

ሁለተኛው ግዴታ፣ ሠሪውን መጥራት፣ ጨዋነት ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ የኢንዱስትሪው ታሪክ ግን ከዚያ በላይ መሆኑን ያስተምራል። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ሱፐርማንን በ130 ዶላር ሸጡ፤ በ1938 ጀግናው ለአንባቢ ቀረበ፤ ገዢው ኩባንያ ሲበለጽግ እነሱ ተቸገሩ። ሠዓሊው ኒል አዳምስና ሌሎች ባካሄዱት ዘመቻ በ1975 መገባደጃ ላይ የጡረታ አበልና ስማቸውን በሥራው ላይ የማስጻፍ መብት አገኙ። የባትማን ተባባሪ ፈጣሪ ቢል ፊንገር በ1974 ሲሞት ስሙ በይፋ አልተጠራም ነበር፤ እውቅናው የመጣው በ2015 ነው። ሠዓሊው ጃክ ከርቢ የሳላቸውን ዋና ገጾች ከማርቭል ለማስመለስ በ1980ዎቹ ሲታገል "ዘ ኮሚክስ ጆርናል" ጉዳዩን ይዞ ጮኸ፤ በ1987 ከብዙዎቹ ገጾች የተወሰኑትን መልሶ አገኘ። እነዚህን ስሞች በየጽሑፋቸው ሲደጋግሙ የኖሩት በአብዛኛው ወዳጆች ነበሩ። ዛሬም በአንድ እትም ላይ ጸሐፊ፣ በእርሳስ የሚነድፍ፣ በቀለም መስመሩን የሚያጸና፣ ቀለም የሚቀባና ፊደል የሚጥል ሰው ይሠራል። ጸሐፊውን ብቻ የሚያወድስ ሂስ የአራት ሰው ድካም ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ስለዚህ የሚፈርደው ፍርድም ስሕተት ይሆናል።

የልዕለ ጀግና ኮሚክ በወር ቀጠሮ፣ በአርታዒ ትእዛዝ የሚሠራ ሸቀጥ ስለሆነ ከግል ሥራ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግፍ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዲትኮ ያንን ገጽ የሠራው በዚያው የወር ቀጠሮ ተይዞ ነው፤ ሁኔታው ሥራውን ሲያብራራ እንጂ ከፍርድ ነፃ ሲያወጣው አይታይም። ክፉው ነገር በተቃራኒው ወገን ያለው ልምድ ነው፤ ገለልተኛው ሠሪ በራሱ ገንዘብ አሳትሟል በሚል ርኅራኄ ድክመቱ ይሸፈንለታል። ዓይን የት እንደሚሄድ ግራ የሚያጋባ ገጽ በማንም ገንዘብ ቢታተም ግራ ያጋባል። ለሠሪው የሚበጀው የጎደለውን በትክክል የሚያሳየው አንባቢ ነው።

ገጽ ገጽ ማለት ይዘቱን መዘንጋት አይሆንም ወይ የሚለው መቃወሚያ ይበልጥ ይከብዳል። ካናዳዊው ዴቭ ሲም ከ1977 እስከ 2004 ራሱ እያሳተመ 300 እትም ያደረሰው "ሴሬበስ" ጥሩ ፈተና ነው። የገጽ አደራደሩና የፊደል አጣጣሉ ከሠዓሊው ጌርሃርድ የጀርባ ሥዕሎች ጋር ተዳምሮ በብዙ ሠሪዎች የተደነቀ ነው፤ በ1990ዎቹ ስለ ሴቶች ያሰፈረው አመለካከት ደግሞ ብዙ አንባቢዎችን አሽሽቷል። ሃያሲው አንዱን ለማጉላት ሌላውን መደበቅ የለበትም። እንዲያውም አንድ መጥፎ ሐሳብ በምን ጥበብ እንደሚያባብል ማስረዳት የሚችለው ገጹን ማንበብ የቻለ ነው፤ ይዘቱን ብቻ የሚቆጥር ሰው ማውገዝ ይችላል፤ ለምን ኃይል እንዳለው ግን ማስረዳት ይቸግረዋል።

ወዳጅ ያዳላል የሚለውም ክርክር ከፊል እውነት አለው። ለአሥርት ዓመታት የቀጠለን ተከታታይ ታሪክ የሚያስታውሰው ወዳጅ ነው፤ ያለዚያ ትዝታ ማን ምን እንደለወጠ ማወቅ አይቻልም። ይሁን እንጂ ያው ትዝታ "የእኔ ስፓይደርማን እንዲህ አያደርግም" ወደሚል የባለቤትነት ቁጣ ሲለወጥ ሂሱ ይበላሻል። ማረሚያው ወዳጅነትን መተው አይደለም፤ ፍርዱን አንባቢ ገልጦ ሊያረጋግጠው በሚችለው ገጽ ላይ ማቆም ነው። "አልወደድኩትም" የሚለው ቃል ለክርክር አይመችም፤ "በዚህ ገጽ ሦስተኛው ሳጥን ከአራተኛው ይጋጫል" የሚለው ግን ሊመረመር ይችላል።

በመጨረሻም፣ አንባቢ የሚፈልገው ልግዛው ወይስ ልተወው የሚለውን መልስ ብቻ ነው ይባላል። ይህ ጥያቄ በአሜሪካ የኮሚክ ንግድ ውስጥ ቀላል አይደለም። ፊል ሱሊንግ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዘረጋው የሽያጭ ሥርዓት ሱቆች ኮሚክን በቅናሽ ያዛሉ፤ ያልተሸጠውን ግን አይመልሱም። ኪሳራው የሱቁ ስለሆነ ባለሱቁ የታወቀውን ጀግና ይመርጣል፤ ያልታወቀው ገለልተኛ ሥራ ደንበኛ ካልጠየቀለት አይታዘዝም። ደንበኛው እንዲጠይቅ የሚያደርገው ደግሞ አሳማኝ ሂስ ነው። በ1981 የሄርናንዴዝ ወንድማማቾች ራሳቸው ያሳተሙትን "ላቭ ኤንድ ሮኬትስ" ለ"ዘ ኮሚክስ ጆርናል" ሂስ ልከው ነበር፤ ግሮት ሥራውን ካየ በኋላ ላሳትመው አላቸው፤ በ1982 በአሳታሚ ድርጅቱ በፋንታግራፊክስ ወጥቶ ከአሜሪካ ገለልተኛ ኮሚኮች ታላላቆቹ መካከል ሆነ። የገጹን ጥራት መለየት የሚችል ዓይን የአንድን ሥራ ዕድል ሊወስን ይችላል።

ጉዳዩ ወደ እኛም ደርሷል። በ2018 ብስራት ደበበ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው "ጀምበር" ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ያለው ገለልተኛ ኮሚክ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድ መጽሔት ተገናኝተዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ሲወጣ "የመጀመሪያው" ብሎ ማጨብጨብ ይቀናናል። ጭብጨባው ተገቢ ነው፤ ሠሪው ለቀጣዩ እትም የሚጠቀምበት ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው። የአዲስ አበባ መንገድ በሳጥኑ ውስጥ እንዴት ተከፈለ? የግእዝ ፊደል ንግግሩ በሚጻፍበት ቦታ ሳይጨናነቅ ተቀመጠ ወይ? ቀለሙን የቀባው ማን ነው? በአማርኛ የሚጽፍ የኮሚክ ሃያሲ እነዚህን መጠየቅ ከጀመረ ለአንባቢው ምርጫ፣ ለሠሪው መማሪያ፣ ለሙያውም መዝገብ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ከወዳጅ በቀር የሚጀምርለት የለም።