ስለ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢል እሳትና ስለሚያድርበት ሥፍራ

በኢትዮጵያ በቆየው የቤት አሠራር፣ አቅም ያለው ሰው ማድ ቤቱን ከአዳራሹ ለይቶ ይሠራል። ጢሱ እንግዳውን እንዳያስለቅስ፣ የምድጃውም ፍንጣሪ የአዳራሹን ክዳን እንዳይዝ በሁለቱ ቤቶች መካከል ባዶ ደጅ ይተዋል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ውስጥ ኅብስቱ የሚሰናዳበት ቤተ ልሔም ከመቅደሱ ውጭ ለብቻው ይቆማል፤ የዚህ ሥርዓት ምሥጢሩ ሌላና ከፍ ያለ ቢሆንም፣ እሳቱ ከመቅደሱ ርቆ መንደዱ ለማንም የሚታይ ነው። ዛሬ በከተማ የሚቆመው ፎቅ ግን ይህን ልማድ ገልብጦታል። ሰው ከላይ ይተኛል፤ አውቶሞቢሉ ከበታቹ ምድር ተቆፍሮ በተሠራ አዳራሽ ያድራል፤ እዚያው ሳለም ኤሌክትሪክ ይሞላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ጎዳና የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ነዳጁ በውጭ ገንዘብ ይገዛል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከአገሩ ወንዞች ይገኛልና የክልከላው ምክንያት ግልጽ ነው። ይምጣ አይምጣ የሚለው ክርክር ስላለፈም፣ አሁን የሚቀረው ጥያቄ ሌሊት የሚያድርበት ሥፍራ ተሰናድቶለታል ወይ የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ በደቡብ ኮሪያ በኢንቾን ከተማ የደረሰው አደጋ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ትምህርት ይሰጣል። ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ፣ ቾንግና በሚባለው ሰፈር በታላላቅ የመኖሪያ ፎቆች ሥር ቆሞ የነበረ አንድ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በመጀመሪያ ጢስ አወጣ፤ ወዲያውም በነበልባል ተያዘ። አውቶሞቢሉ በጉዞ ላይ አልነበረም፤ ኤሌክትሪክም አይሞላም ነበር፤ ከሁለት ቀን በላይ ሳይነካ በሥፍራው ቆሞ ነበር። እሳቱ ስምንት ሰዓት ያህል ነደደ። በአጠገቡ የነበሩት ብዙ አውቶሞቢሎች ተቃጠሉ፤ ከተቃጠሉትም የሚበዙት በሙቀትና በጥላሸት ተበላሹ። ከ20 የሚበልጡ ሰዎች በጢስ ተጎድተው ታከሙ። በእግዚአብሔር ቸርነት የሞተ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ውሃና መብራት ስለ ተቋረጠ ብዙ ቤተ ሰቦች ቤታቸውን ትተው ለቀናት በመጠለያ አደሩ። መርማሪዎችም የእሳቱን መነሻ ቆርጠው ለመናገር አልቻሉም።

በዚያ የምድር ውስጥ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ውሃ የሚረጭ ቧንቧ ተዘርግቶ ነበር። ዳሩ ግን የእሳቱ ማስጠንቀቂያ እንደ ጮኸ ተረኛው ሠራተኛ የውሃውን መምጫ የሚያግደውን አዝራር ተጫነ። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ መልሶ ለቀቀው፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ግን ትእዛዙን የሚያደርሰው ሽቦ በእሳቱ ተበላሽቶ ስለ ነበር ውሃው ሳይወርድ ቀረ። ይህን ለአንድ ሰው ጥፋት ብቻ መስጠት ቀላል ነው። ማስጠንቀቂያው በከንቱ ደጋግሞ በሚጮኽበት ሕንጻ ሁሉ ግን ዘበኛው አስቀድሞ የሚማረው ጩኸቱን ዝም ማሰኘት ነው፤ አለቃውም የሚቆጣው ዕቃ በውሃ ሲበላሽ እንጂ ማስጠንቀቂያው ሲዘጋ አይደለም። በብዙ ገንዘብ የተገዛ መከላከያ በአንድ ጣት ከንቱ ሆኖ ቀረ።

የዚህ አውቶሞቢል ባትሪ በወለሉ ሥር የተነጠፈ ሲሆን፣ በውስጡ በመቶ ወይም በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ባትሪዎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱም ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ወገኖች፣ በመካከላቸው እጅግ የሳሳ መጋረጃ፣ ከዚህም ጋር በቀላሉ የሚነድ ፈሳሽ አለ። መጋረጃው በፋብሪካ ጉድለት፣ ወይም የመንገድ ድንጋይ ከታች መትቶት ቢቀደድ፣ ሁለቱ ወገኖች ይገናኙና ብርቱ ሙቀት ይወልዳሉ። አንዱ የጎረቤቱን ባትሪ ያሞቃል፤ ያም ተራውን ቀጣዩን ያሞቃል፤ እንደዚህ እየተላለፈ ሁሉን ያዳርሳል። የሚወጣውም ጢስ ሃይድሮጅን አለበት፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙትን የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድም አለበት፤ ሳንባን የሚያቃጥል ሃይድሮጅን ፍሎራይድም ይገኝበታል። ይህ ሁሉ በሜዳ ላይ ቢሆን ነፋስ ይበትነዋል፤ በምድር ውስጥ አዳራሽ ግን ይጠራቀማል፤ ተጠራቅሞም ሊፈነዳ ይችላል።

አሸዋ በመድፋት ወይም በብርድ ልብስ በማፈን ይህን እሳት ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፤ ሙቀቱ ከውስጥ ይወለዳል፣ በአንዳንዱም ዓይነት ባትሪ እሳቱን የሚያነደው ኦክሲጅን ከራሱ ከባትሪው ይወጣልና። ያለው መድኃኒት በብዙ ውሃ ማቀዝቀዝ ነው። አንድ የታወቀ የአሜሪካ ፋብሪካ ለእሳት አጥፊዎች ባዘጋጀው መመሪያ፣ ለአንድ አውቶሞቢል ከ11,000 እስከ 30,000 ሊትር ውሃ ሊያስፈልግ እንደሚችል ጽፏል። የውሃ እጥረት ባለበት ከተማ ይህ ቁጥር በጥሞና ሊነበብ ይገባዋል።

ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት ብዙዎቹ የቻይና ሥራ ናቸው። በቻይና ደግሞ ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራው ባትሪ እጅግ ተስፋፍቷል፤ ይህም ኒኬል ካለበት ይልቅ ሙቀትን ይታገሣል። መታገሡ መልካም ነው፤ ፈጽሞ አይነድም ማለት ግን አይደለም።

ይህን ሰምቶ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በሕንጻዬ አይደር የሚል ባለቤት ቢኖር፣ መቸኮሉ ነው። በስዊድን አገር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም.፣ ኤሌክትሪክ ከሚሞላባቸው ከ600,000 በላይ አውቶሞቢሎች እሳት የያዛቸው 23 ብቻ ነበሩ፤ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱት ከብዛታቸው ጋር ሲተያዩ እጅግ አብልጠው ተቃጥለዋል። ታኅሣሥ 28 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የልደት በዓል በተከበረበት ዕለት፣ በኖርዌይ በስታቫንገር አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ነድዶ በከፊል ፈረሰ፤ እሳቱን ያስነሣው አሮጌ የናፍጣ አውቶሞቢል ነበር። መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሉተን ከ1,400 የሚበልጡ አውቶሞቢሎች ሲጠፉም ሕዝቡ የኤሌክትሪክ ነው ብሎ አወራ፤ የተገኘው ግን ናፍጣ ነበር። በሁለቱም ሥፍራ ውሃ የሚረጭ ቧንቧ አልነበረም። እንግዲህ ቧንቧ የሌለው አዳራሽ ለማናቸውም አውቶሞቢል አደገኛ ነው፤ ቧንቧው ኖሮ የሚዘጋበትም ከዚያ የተሻለ አይደለም።

ነገሩ የሚመለከተው የሕንጻ ፈቃድ የሚሰጡትን ሹማምንት ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ከአድባራቱም ለኪራይ የሚሆን ፎቅ ያሠሩ አሉ፤ ስለዚህ የደብሩ አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤውም ቤት አከራዮች ናቸው፤ ከላይ ላለው ተከራይ ሕይወትም ይጠየቃሉ። የውሃው ጋን ሁልጊዜ ሙሉ መሆኑን፣ መብራት በጠፋ ጊዜም ውሃውን የሚገፋ ሞተር መኖሩን፣ ጢሱ የሚወጣበት መስኮት በዕቃ አለመዘጋቱን ሄደው በዓይናቸው ሊያዩ ይገባል። ኤሌክትሪክ የሚሞላበት ቦታ በአዳራሹ ጥልቅ ማዕዘን ሳይሆን ወደ መውጫው ቀርቦ፣ እሳት አጥፊዎች በቀላሉ በሚደርሱበት ቢደረግ ይሻላል። ለራሱ በተዘረጋ ሽቦ እንጂ ከዘበኛው ቤት ተቀጥሎ በመጣ ማራዘሚያ መሙላት ሊከለከል ይገባል፤ ቀጭን ሽቦ ሌሊቱን ሙሉ ያን ያህል ጭነት ሲሸከም ራሱ ይነድዳል። ለዘበኛውም ሠራተኛውም ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ውሃውን የመዝጋት ሥልጣን እንደሌለው በጽሑፍ ይነገረው፤ በከንቱ ቢወርድና ዕቃ ቢበላሽም ዕዳው የእርሱ እንዳይሆን ባለቤቱ ይፈርምለት። አለዚያ ለደመወዙ የሚፈራ ሰው ጣቱን ወደ አዝራሩ መስደዱ አይቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ እሳቱ ከጠፋ በኋላ አለ። ጠፋ የተባለው ባትሪ ከሰዓታት፣ አንዳንድ ጊዜም ከቀናት በኋላ እንደገና ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ የተቃጠለውንም ሆነ በግጭት የተጎዳውን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ከቤትና ከሌላ አውቶሞቢል 15 ሜትር ያህል አርቆ በገላጣ ሥፍራ ማቆየት በሌላ አገር የተለመደ መመሪያ ነው። በአዲስ አበባ ግን ብዙ ጋራዦች ከመኖሪያ ቤት ጋር አጥር ለአጥር የተያያዙ ናቸው፤ እንዲህ ያለው አውቶሞቢል ተጎትቶ ቢመጣ የሚቆመው ከጎረቤት ማድ ቤት ግድግዳ ሥር ነው። በየክፍለ ከተማው ለዚህ የሚሆን ባዶ ሜዳ ተለክቶ ሊከለል ይገባል፤ ይህንም ማድረግ የሚችለው ባለጋራዡ ሳይሆን መሬቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነው።