በአትባራ አፋፍ ከመቻል ጋር

ዓርብ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ፀሐይዋ በረድ ስትል እኛ መምህራን ከጥቂት ተማሪዎች ጋር በሸዋክ አቅራቢያ ወዳለው የአትባራ ወንዝ አፋፍ ወጣ እንላለን። ከፊት የሚመራን መቻል የሚባለው ውሻችን ነው። አገር ቤት የውሻ ስም ለጎረቤት መልእክት ይላክበት የለ? እኛ ግን ይህንን ስም ያወጣነው ለራሳችን ነው።

አትባራን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ በጭልጋ በኩል ጓንግ የምንለው ነው። ተከዜም እዚህ ሰቲት ተብሎ ይገባበትና አብረው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። "ወንዞቻችን ቀድመውን ተሰደዱ" እያልን እንቀልዳለን።

በወንዙ ዳርና ዳር ያለውን ቦረቦር መሬት የአገሩ ሰው ከረብ ይለዋል። ማታ ማታ ከአፋፉ ቆሞ ውኃውን፣ ግራሩንና ግመሎቹን ላየ ሐሳብ ያስረሳል። ግን አደገኛ ነው። ዝናብ ያራሰው አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጎርፍም ከሥሩ ይበላዋል። ከላይ ደህና የመሰለው ከታች ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ አንድ የ11 ዓመት ተማሪያችን መቻልን በገመድ ይዞ ይሄድ ነበር። አፋፉ ጋ ሲደርሱ ውሻው እምቢ አለ። ልጁ ጎተተ፤ ውሻው ዞሮ እጁን ነከሰው። ትልልቆቹ ልጆች ድንጋይ አነሱ። ቀረብ ብለን ስናይ፣ ልጁ ሊረግጠው ከነበረው ቦታ ላይ መሬቱ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተለያይቷል። ድንጋዩን አስጣልናቸው።

ልጁን ወደ ቦኖ አሮጥነው። እናቱ ቅጠል ልታስርለት መጣች። "እትዬ፣ ቅጠሉ ይቆይ፣ ሳሙና አምጪ" አልናት። ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ በሰዓት ቆጥረን አጠብነው። በአቅራቢያችን ክትባት አልነበረም፤ ከየቤቱ ገንዘብ ተዋጥቶ በማግሥቱ በቦክስ ገዳሪፍ ወሰድነው፤ መርፌውንም በየቀጠሮው ጨረሰ።

ወላጆች ሆይ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል፤ ፓስተር በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንድ የተነከሰ ልጅ በክትባት ካከመ ወዲህ ብዙ ሰው ድኗል። ስለዚህ ጭረት ብትሆንም አትናቁ፤ ልጆችም ቁጣ ፈርተው እንዳይደብቁ አትግረፏቸው። የታወቀ ውሻ ከነከሰ ቶሎ አትግደሉት። አስራችሁ 10 ቀን ተመልከቱት፤ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታው አልነበረበትም ማለት ነው። ክትባቱ ግን ይህን አይጠብቅም፣ ወዲያውኑ ይጀመራል።

መቻል 10 ቀኑን ታስሮ በደህና ተፈታ። ዓርብ ዓርብ ዛሬም ከፊት ይመራናል። እኛም እሱ ሲቆም እንቆማለን፤ ከአፋፉም አሥር እርምጃ ርቀን እንሄዳለን።