ዓሣው ሲያልቅ መረቡ ለምን ሞላ?

«ባሕር ውስጥ ያለን ዓሣ ማን ቆጥሮ ያውቃል?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፦ ማንም አልቆጠረም፤ የሚታወቀው በሒሳብ ነው። አምና በነበረው ክምችት ላይ አዲስ ያደጉት ትንንሾችና የነባሮቹ ክብደት ጭማሪ ይደመራል፤ በራሱ የሞተውና በመረብ የወጣው ይቀነሳል። ሞዴል የሚባለው ሁሉ ከዚህ ተነስቶ ነው የሚወሳሰበው።

ጣጣው ከእነዚህ ውስጥ ደህና አድርገን የምናውቀው የወጣውን ብቻ መሆኑ ነው (እሱንም አጥማጁ እውነቱን ካስመዘገበ)። የሰሜን አትላንቲክ ኮድ ዓሣ ሳይጠመድ በራሱ የሚሞተው በዓመት 18 በመቶ ገደማ ነው ተብሎ ለብዙ ዓመታት ሲሰላ ኖሯል። ከግምት ያለፈ አይደለም።

ይህ ሒሳብ ክፉኛ የሳተው በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ከዚያ አካባቢ ከ800 ሺህ ቶን በላይ ኮድ ወጣ፤ አብዛኛውን የወሰዱት የውጭ መርከቦች ነበሩ። በ1977 ካናዳ እስከ 200 የባሕር ማይል ያለውን ውኃ የራሴ ነው አለች። እንግዶቹ ሲወጡ ዓሣው ያገግማል ተባለ።

ሞዴሉ የሚመገበው ከሁለት ምንጭ ነበር፦ ከምርምር መርከቦች ቅኝትና ትልልቆቹ መረብ ጎታች መርከቦች በሰዓት ከሚያወጡት መጠን። ሁለተኛው ቁጥር አሳሳች ነበር። መርከቦቹ ዘምነዋል፣ ካፒቴኖቹ ቦታውን ለምደዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የዓሣው ጠባይ ነው፤ ኮድ ቁጥሩ ሲመናመን በሰፊው ባሕር ላይ አይሳሳም፣ በጥቂት ቦታ ይሰበሰባል። በድምፅ ሞገድ የሚያስስ መርከብ ያን መንጋ አያጣውም። እናም መረቡ እንደሞላ ሳለ ባሕሩ ይራቆታል፤ ሞዴሉም መረቡን አይቶ «ዓሣው በዝቷል» ይላል።

በትንሽ ጀልባ ዳር ዳር የሚያጠምዱት ግን ዓሣውን ተከትለው አይሄዱም፤ ወጥመዳቸውን ዘርግተው እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ጉድለቱ ቀድሞ የታየው ለእነሱ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ «ዓሣው አነሰ፣ ቁመቱም አጠረ» ሲሉ ነበር። አቤቱታቸው ግን ሰንጠረዡ ውስጥ የሚገባበት ዓምድ አልነበረውም። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

በ1989 ሳይንቲስቶቹ እንደገና ሲያሰሉ የቀድሞው ግምታቸው እጅግ የተጋነነ እንደነበር ታየ። ፖለቲከኞቹ ኮታውን የቀነሱት ሳይንቲስቶቹ ከመከሩት በጣም ባነሰ ነው። ጁላይ 2 ቀን 1992 የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩ ጆን ክሮዝቢ ማጥመዱን ዘጉት፤ 30 ሺህ ያህል ሰው ሥራ አጣ። ለ2 ዓመት ነበር የተባለው። እገዳው የተነሳው በ2024 ነው፤ ያውም በ18 ሺህ ቶን ኮታ።

ባሕር የለንም ብላችሁ እንዳትዘናጉ። የጣና ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ይወጣል፤ መረብም በወንዙ አፍ ይዘረጋል። በዚያ ሰሞን በአንድ መረብ የሚወጣው ዓሣ ቢበዛ ምን ይገርማል? ወላጆቹ ሁሉ እዚያው ተሰብስበዋላ! ስለዚህ አንድ ሰው «ምርቱ ጨመረ» የሚል ሪፖርት ሲያሳየኝ፣ መረቡ የት እንደተጣለ፣ በየትኛው ወር እንደሆነና የመረቡ ዓይን ስንት ጣት እንደሚያስገባ እጠይቀዋለሁ። መልስ ከሌለው ግራፉን አላይለትም።