የዋጋ ንረቱ ሲወርድ ዘንቢሉ ለምን አልሞላም?

በአዲስ አበባ የሰፈር ሱቆች ባለ አምስት ሊትር ዘይት ከነማሸጊያው ተሸጦ የሚሄደው ወር በገባ ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ባለሱቁ ራሱ ጀሪካኑን ይከፍትና በኩባያ፣ ኩባያም ሲከብድ በቡና ሲኒ እየለካ በትንሽ ፌስታል ይቋጥራል። ስኳር በሩብ ኪሎ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ፣ ቅቤ በማንኪያ፣ የልብስ ሳሙና ለሁለት ተቆርጦ፣ ከሰል በጣሳ ይሸጣል። ሕፃን ልጅ ብር ጨብጦ እየሮጠ ይመጣና «ጋሼ፣ የሃያ ብር ዘይት!» ይላል። ሊትሩ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የእጁ ብር ምን ያህል እንደሚያወጣ ባለሱቁ ያውቃል።

በጥቂት በጥቂቱ መሸጥ አዲስ ነገር አይደለም። መርካቶም ሾላም ከጥንት ጀምሮ በመደብና በጣሳ ሲሸጡ የኖሩ ገበያዎች ናቸው። አዲሱ ነገር የገዢው ማንነት ነው። ድሮ በኩባያ የሚገዛው የዕለት ገቢውን ይዞ የሚገባው የቀን ሠራተኛ ነበር። አሁን ግን ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበለው መምህር፣ የቢሮ ጸሐፊና የጤና ባለሙያ ከወሩ አጋማሽ በኋላ እዚያው ሰልፍ ውስጥ ይገኛል።

የወረደው ፍጥነቱ ነው

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው ቁጥር ግን ሌላ ነገር የሚናገር ይመስላል። ከዓመት ዓመት የተሰላው አጠቃላይ የዋጋ ንረት በሰኔ 2014 ዓ.ም. 34 በመቶ፣ በሰኔ 2015 ዓ.ም. 29.3 በመቶ፣ በሰኔ 2016 ዓ.ም. 19.9 በመቶ፣ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ 13.9 በመቶ ነበር። መስመሩ በግልጽ ቁልቁል ይሄዳል። ሸማቹ ይህን በዜና ሲሰማ ግራ ይጋባል፤ አንዳንዱም ይቆጣል። ቁጥሩ ውሸት ሆኖ አይደለም። የወረደው ዋጋው ሳይሆን ዋጋው የሚወጣበት ፍጥነት ነው፤ ዳገት የያዘ መኪና ማርሽ ስለቀየረ ብቻ ወደ ኋላ አይመለስም።

አራቱን ቁጥሮች አንዱን ባንዱ ላይ መደረብ ነገሩን ያሳያል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በ100 ብር ይሞላ የነበረ ዘንቢል በዓመቱ 134 ብር ፈለገ። በሁለተኛው ዓመት 173፣ በሦስተኛው 208፣ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ወደ 237 ብር ደረሰ። ስለዚህ በእነዚህ አራት ዓመታት ደመወዙ ከሁለት እጥፍ ከሲሶ በላይ ያላደገለት ሰው፣ ንረቱ ወረደ ተባለም አልተባለም፣ ከዘንቢሉ ውስጥ የሆነ ዕቃ ማውጣት ግዴታው ነበር።

በመሃሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ130 ብር አልፏል። ብዙ አስመጪ ቀድሞውኑ ዋጋውን በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ያወጣ ስለነበር ድንጋጤው የተፈራውን ያህል አልሆነም፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም በይፋው ምንዛሪ የሚገቡት ነዳጅና መድኃኒት መሸሸጊያ አልነበራቸውም። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳት ጀምሮ ስለነበር ሁለቱ ተደራረቡ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. 31 ብር ከ74 ሳንቲም የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በጥር 2017 ዓ.ም. 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። ቤንዚን የማይገዛው ሸማች ደግሞ ጭማሪውን በታክሲ ሒሳብና በሽንኩርት መደብ ላይ ከፈለው።

ደመወዝስ? ለመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛው ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር ሆኗል። ጭማሪው ቀላል አይደለም። ነገር ግን 6,000 ብር እጅ ላይ ሲደርስ 6,000 አይደለም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ መሠረት 700 ብር ግብር፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 420 ብር ይቀነስና 4,880 ብር ይቀራል። ለሠላሳ ቀን ሲካፈል 163 ብር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ መጓጓዣ፣ የልጅ ደብተርና የእድር መዋጮ ይነሳል። በግል ድርጅት ለሚሠራው ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ እስከ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ ወለሉ አልተቆረጠም ነበር።

ስለ ግብሩ አንድ ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ 600 ብር ተብሎ ሲደነገግ ያ ገንዘብ በባንክ ምንዛሪ 27 ዶላር ገደማ ነበር። ወደ 2,000 ብር ከፍ እስከተደረገበት ጊዜ ድረስ ዘጠኝ ዓመት ሳይነካ ቆየ፤ በመጨረሻው ላይ 600 ብር 5 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። በእነዚያ ዓመታት ደመወዝ ለኑሮ ውድነት ማካካሻ ተብሎ ሲጨመር ግብር ሰብሳቢው ከጭማሪው ላይ እያደገ የሚሄድ ድርሻ ይወስድ ነበር ማለት ነው።

ከዘንቢሉ የሚወጡት

ሰው ከዘንቢሉ ዕቃ የሚያወጣው በዘፈቀደ አይደለም፤ ተራ አለው። መጀመሪያ የሚወጣው ሊዘገይ የሚችለው ነው፤ ልብስ፣ ጫማ፣ የተሰበረ ወንበር ማሠሪያ። ቀጥሎ ሥጋና ቅቤ ይወጣሉ። በዚህ ረገድ ጾም ብዙ ጎጆ ከሐፍረት ሸፍኗል፤ የኦርቶዶክስ ጿሚ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከፍስክ ይርቃልና ያልተገዛ ሥጋ ምክንያት አይጠየቅበትም። ችግሩ ጾሙ ተፈትቶም ምግቡ የጾም ሆኖ ሲቀጥል ነው። በበዓል ቅርጫ በሬ የሚገቡ ጎረቤቶች አንዱን መደብ ለሁለት መካፈል ጀምረዋል።

ከዚያ የሕፃናት ወተት ይመጣል። ከወተት በኋላ ታክሲ፤ ሁለት መንገድ ይሳፈር የነበረው አንዱን በእግሩ ያደርገዋል፤ ሌላው ከንጋቱ በፊት ተነስቶ አውቶቡስ ይሰለፋል። ጤፍ ከሩዝ፣ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ጋር ይቀላቀላል፤ በ2015 ዓ.ም. ኩንታሉ ከ10 ሺህ ብር ባለፈበት ሰሞን ድብልቁ የእንጀራ ጋጋሪዎች ሁሉ መደበኛ ሊጥ ሆኖ ነበር። ሥጋ ያልደረሰበት ሁሉ ሽሮ ላይ ሲሰፍር ሽሮም ወደደ። ጊፈን የተባለው ስኮትላንዳዊ ታዝቦታል ተብሎ በኢኮኖሚክስ መማሪያ የሚጠቀሰው ይህንኑ ነው። ዳቦ ሲወደድ ድሃው ዳቦ አይቀንስም፤ ሥጋውን ትቶ ዳቦውን ያበዛል።

የተራው መጨረሻ ላይ ያሉት ግን በአደባባይ የማይወሩት ናቸው። ሳሙና ቀንሶ ልብስ ማጠብ፣ የሴት ልጆች ሞዴስ፣ መድኃኒት። ሞዴስ ከወር አስቤዛ ዝርዝር ሲሰረዝ አባወራው ላያውቅም ይችላል፤ ልጅቷ ግን ከትምህርት ቤት የምትቀርባቸው ቀናት ይጨምራሉ። በመድኃኒት ቤቶች መስኮት ላይ የሐኪም ወረቀት ይዞ መጥቶ «ግማሹን ስጡኝ» ማለት የተለመደ ሆኗል። የአጣዳፊ ሕመም መድኃኒት ከሆነ ሰው ተበድሮም ይገዛል። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ግን ሕመሙ ዛሬ ስለማያንገበግብ በየቀኑ የሚዋጠው አንድ ቀን እየዘለለ ይዋጣል። ይህ ቁጠባ ሒሳቡ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው የንረቱ ሠንጠረዥ ዝም የሚለው። ሠንጠረዡ አንድ ኪሎ ሥጋ ስንት እንደተሸጠ በትክክል ይመዘግባል። አንድ ቤተሰብ ሥጋ መግዛት ካቆመ ስንት ወር እንደሆነው መመዝገብ ሥራው አይደለም። እንዲያውም ገዢ በጠፋ ቁጥር የዕቃው ዋጋ መውጣቱን ሊያቆም ይችላልና፣ የሰዎች መተው ራሱ ለቁጥሩ መውረድ የበኩሉን ያዋጣል።

የቡናው ነገር ይህን በግልጽ ያሳያል። አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ወደ ውጭ ከላከችው ቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች፤ ከዚያ በፊት ያልታየ ገቢ ነበር። የዓለም ዋጋ ወጥቷል፤ ለእያንዳንዱ ዶላር የሚገኘው ብርም በዝቷል። ለላኪውና ለገበሬው የምሥራች የሆነው ይኸው ነገር ቡናውን እቤቱ ቆልቶ ለሚጠጣው መዓት ነበር፤ ነጋዴው ለውጭ ሊሸጠው የሚችለውን ዕቃ በርካሽ የሚለቅበት ምክንያት የለውምና። በዚህም የተነሳ በብዙ ቤት አቦሉ ይወርድና ቶናና በረካ ይቀራሉ። ጎረቤት ለቡና መጠራራቱም ሳስቷል፤ የሚጠራሩትም ቡናውን በተራ ያመጣሉ። ቡናው የሚጠጣበት ጀበና ሥር ደግሞ ሥራ ያጣው የት ሥራ እንዳለ ይሰማበት፣ የታመመው ይጠየቅበት፣ ብድርም ይገኝበት ነበር።

የኩባያው ሒሳብ

ትቶ የማይተወውን ዕቃ ሰው በጥቂቱ ይገዛል። በጥቂቱ መግዛት ደግሞ ውድ ነው። ለስሌት እንዲመች ብቻ ባለ አምስት ሊትር ዘይት 1,500 ብር ነው እንበል፤ ሊትሩ 300 ብር ሆነ ማለት ነው። ባለሱቁ ይህንኑ በሩብ ሊትር ኩባያ 90 ብር ቢሸጠው ሊትሩ 360 ብር ይሆናል። በወር አምስት ሊትር የሚጨርስ ቤተሰብ በጀሪካን ከገዛ 1,500፣ በኩባያ ከገዛ 1,800 ብር ያወጣል። ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘብ ስላለው ብቻ 300 ብር አተረፈ፤ የሌለው ስለሌለው 300 ብር ከሰረ። በስኳሩ፣ በከሰሉ፣ በኦሞው ላይ ይኸው ይደገማል።

በዚህ ባለሱቁን ዘራፊ ማለት ይቀናል። ነገር ግን የእሱም ደብተር መታየት አለበት። በኩባያ ሲለካ የሚፈሰው፣ የፌስታሉ ዋጋ፣ የሚያባክነው ጊዜ አለ። ከሁሉ የሚብሰው የዱቤ መዝገቡ ነው። በወሩ መጀመሪያ በ300 ሒሳብ በዱቤ የሰጠውን ሊትር ወር ሞልቶ ሲከፈለው አከፋፋዩ 320 ብር ካለው፣ ትርፍ ያገኘ የመሰለው ባለሱቅ ያንኑ ሊትር መልሶ ለመግዛት ከኪሱ ይጨምራል። በዚህ ሁኔታ ሲቀጥል የሱቁ ካፒታል በስም ሳይቀንስ መደርደሪያው ይሳሳል። ስለዚህ ዱቤ ይከለክላል፤ ወይም ዱቤውን ከዋጋው ጋር አብሮ ይሸጠዋል። ዱቤ የተከለከለው ደመወዝተኛ እንደገና ወደ ኩባያው ይመለሳል።

የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተቋቋሙት ይህን ቀዳዳ እንዲደፍኑ ነበር። ስኳርና ዘይት ሲገባላቸው ከገበያው በታች ይሸጣሉ፤ የእሁድ ገበያዎችም ሽንኩርትና ጤፍ ያለ ደላላ እንዲደርስ ረድተዋል። ሁለቱም ግን የሚጠቅሙት በዕለቱ ጥሬ ገንዘብና የሚሰለፍበት ጊዜ ላለው ነው። ዕቃው የገባው ከወሩ አጋማሽ በኋላ ከሆነ፣ ኮታው የደረሰው ሰው ገንዘብ አጥቶ ተራውን ለጎረቤት የሚያስተላልፍበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሸማቹ በራሱ ያበጀው መላ የአስቤዛ እቁብ ነው። አሥር አሥራ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ወይም ጎረቤቶች ደመወዝ በወጣ ዕለት መዋጮ ያደርጋሉ፤ እጣ የደረሰው ከእህል በረንዳ አንድ ኩንታል ጤፍ በጅምላ ዋጋ ያስጭናል። አንዳንዱ ቡድን እጣውን ትቶ ኩንታሉንና ጀሪካኑን በጋራ ገዝቶ በኪሎና በሊትር ይከፋፈላል፤ ይህኛው የኩባያውን ትርፍ እዚያው በአባላቱ እጅ ያስቀራል። ሁለቱም ግን የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋሉ። አንድ ክፍል ተከራይቶ ከነልጆቹ የሚኖር ሰው ለኩንታል የሚሆን ደረቅ ጥግ የለውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን ቢደነግግም፣ አከራዩ ነገ ምን እንደሚል እርግጠኛ ያልሆነ ተከራይ ጤፍ አከማችቶ አይቀመጥም። እጣው ሲደርሰው ብሩን ይወስድና ለኪራይ ያውለዋል፤ ጤፉን እንደ ወትሮው በኪሎ፣ ዘይቱንም በኩባያ ይገዛል።