የዶሮ እርባታ ልትከፍቺ ነው? ከጫጩቱ በፊት ስለ ሠራተኛው አስቢ

ዓረብ አገር ለፍተን ባጠራቀምነው ገንዘብ አገር ቤት ምን እንሥራ ስንባባል ቶሎ ከሚነሱት ሥራዎች አንዱ የዶሮ እርባታ ነው። አንዳንዶቻችን ተመልሰን እንጀምረዋለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ እዚሁ እያለን ብሩን ልከን ወንድም ወይም እህት እንዲይዘው እናደርጋለን። ስለ ጫጩት ዋጋና ስለ መኖ ብዙ ይወራል። ዶሮዎቹን ከሚይዙት ሰዎች ጋር እንዴት እንደሚሠራ ግን ብዙም አይወራም። እርባታው ሲከፈት አንቺም አሠሪ ትሆኛለሽና ዛሬ ስለዚያ እንነጋገር።

የተደበቀችው ዶሮ

ብዙዎቻችን ብርጭቆ ሰብረን ማዳም ሳታይ ስባሪውን ቆሻሻ ውስጥ ደብቀናል። ለምን? ከደሞዛችን እንዳይቆረጥ፣ እንዳንሰደብ ፈርተን ነው። ብርጭቆው ቢደበቅ ብዙ ጉዳት የለውም። የሞተች ዶሮ ስትደበቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፈንግል ያልተከተቡ ዶሮዎች መካከል ከገባ በጥቂት ቀን ውስጥ አብዛኞቹን ሊጨርስ ይችላል። ጠዋት ሁለት ዶሮ ሞተው ያገኘ ሠራተኛ "በኔ ይሳበባል" ብሎ ከፈራ ቀብሯቸው ዝም ይላል። በሦስተኛው ቀን ወሬው አንቺ ጋ ሲደርስ ሐኪም መጥራቱም ዋጋ የለውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብሽ ይህ ይሁን፦ ክፉ ወሬ ቶሎ ያመጣ ሰው አይሰደብም፣ ደሞዙም አይቆረጥም። መጀመሪያ "እንኳን ቶሎ ነገርከኝ" በይ፤ "ለምን ሞቱ?" የሚለው ከዚያ ይከተላል። ጥፋት ካለም ለብቻው ጠርተሽ ንገሪው እንጂ ሰው ፊት አታዋርጂው። ሰው ፊት መሰደብ እንዴት እንደሚያቆስል እኛ እናውቀዋለን።

ምክንያቱን ንገሪ

"ጫማህን መድኃኒቱ ውስጥ ሳትነክር አትግባ" ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው። ምክንያቱን ያልተነገረው ሰው ግን አንቺ በሌለሽበት ይተወዋል። በሽታ በጫማ፣ በልብስና በመኖ ከረጢት እንደሚገባ አስረጂው። መጀመሪያ ትንንሾቹ ጫጩቶች ጋ፣ ቀጥሎ ትልልቆቹ ጋ፣ በመጨረሻ የታመሙት ጋ የሚገባው ለምን እንደሆነ ንገሪው። ቦቲና የሥራ ልብስ አንቺ ግዢለት፤ ከእርባታው ግቢ አይውጣ።

ሌላም አለ። ሠራተኛው ቤቱ ዶሮ ካለው በሽታውን ይዞ ሊመጣ ይችላል። "ቤትህ ዶሮ አታርባ" ስትዪው ጥቅም እያስቀረሽበት ነውና በየሳምንቱ እንቁላል ስጪው። ያኔ ስምምነት ይሆናል።

ወንድምሽ ሲይዘው

ብዙ ቤተሰብ የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። እህት ብር ትልካለች፣ ወንድም ይሠራል፣ የማን ምን እንደሆነ ግን አልተነጋገሩም። "ሥጋዬ ነው" ብለሽ አትለፊው። የወር ደሞዙ ስንት እንደሆነ፣ ከትርፉ ድርሻ ካለው ስንት እንደሆነ፣ ያለ አንቺ ፈቃድ እስከ ስንት ብር ማውጣት እንደሚችል ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ከዚያ በየማታው ሦስት ቁጥር በስልክ ይላክልሽ፦ የተበላ መኖ፣ የተሰበሰበ እንቁላል፣ የሞተ ዶሮ። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ገደማ ትበላለች። 200 ዶሮ ካለሽ በቀን ከ22 እስከ 24 ኪሎ ነው። ቁጥሩ 30 ኪሎ ካለ "ሰረቅከኝ" ከማለትሽ በፊት ጠይቂ፤ አይጥ ሊሆን ይችላል፣ መመገቢያው እየደፋ ሊሆን ይችላል። እንቁላል በድንገት ከቀነሰም ውኃ፣ መብራት ወይም በሽታ ሊሆን ይችላል። ደብተሩ አንቺን ከኪሳራ፣ እሱንም ከሐሜት ያድናል።

ደሞዝ ወሩ ሲሞላ ይከፈላል

ጫጩት ገዝተሽ ከጀመርሽ መጣል የሚጀምሩት በ18 እና በ20 ሳምንት መካከል ገደማ ነው። ከአራት ወር በላይ መኖ ትገዣለሽ እንጂ እንቁላል አትሸጪም። ብዙ ጀማሪ የሠራተኛ ደሞዝ የሚያስቀረው ይህን ስላላሰበ ነው። ስለዚህ ጫጩቱን ከመግዛትሽ በፊት የአምስት ወር ደሞዝ ለብቻው አስቀምጪ። "ዶሮዋ ስትጥል እከፍልሃለሁ" ማለት "ነገ፣ ነገ" ሲሉን ከነበሩት አሠሪዎች አይለይም።

ሕጉ ምን ይላል?

ሊባኖስ ውስጥ በ1946 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። አገር ቤት የምትቀጥሪው የእርባታ ሠራተኛ ግን ሕግ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፦

- መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም።
- በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት አለው።
- ለመጀመሪያው የሥራ ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ያገኛል።
- ሴት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደሞዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት።
- እንደፈለግሽ ደሞዝ መቁረጥ አትችዪም። የተፈቀደ ተቀናሽ ቢኖርም በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

"ዶሮ እሁድን አያውቅም" ትዪ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሠራተኛው ግን ያውቃል። ሁለት ሰው በተራ እንዲያርፍ አድርጊ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባል የለ?

ግቢው ውስጥ የሚያድር ሠራተኛ ካለሽ የሚቆለፍ በር ያለው ክፍል ይኑረው። በመኖ መጋዘን ከረጢት ላይ ማደር በረንዳ ላይ ወይም ኩሽና ውስጥ ከማደር አይሻልም። መታወቂያውን አትያዢበት፣ ስልኩን አትቀሚው። በሳምንት አንድ ቀን ቡና አፍልታችሁ "ምን ከበዳችሁ?" ብለሽ ጠይቂ፤ ከተናገሩት ውስጥ ቢያንስ አንዱን በሚቀጥለው ሳምንት አስተካክዪ። ያኔ መናገር ዋጋ እንዳለው ያያሉ።

እህቶች፣ መጥፎ አሠሪ ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። አሁኑኑ አንድ ወረቀት ያዢና አሠሪሽ ያደረገችብሽን፣ አንቺ በሠራተኛሽ ላይ የማታደርጊውን አምስት ነገር ጻፊ። የእርባታሽ የመጀመሪያ የሥራ ደንብ እሱ ይሁን። በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ!