አንድ ሰው አንብቦ የሚጨርሰው ኮምፒውተር

አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከነሙሉ ኮዱ በመጽሐፍ ታትሞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል ቢባል ዛሬ ቀልድ ይመስላል። ኦቤሮን ግን እንዲህ ያለ ነገር ነው። ዙሪክ በሚገኘው የስዊዘርላንድ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ኒክላውስ ቪርት እና ዩርግ ጉትክኔክት የተባሉ ሁለት ፕሮፌሰሮች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ጀመሩት፤ በ1992 ደግሞ አሠራሩን ከነኮዱ በመጽሐፍ አወጡት። ስሙን የወሰዱት በ1986 መጀመሪያ ቮየጀር 2 የተባለችው መንኮራኩር በአጠገቧ ካለፈች ከአንዲት የዩራነስ ጨረቃ ነው። የተሠራለት ማሽን ሴሬስ ይባላል፤ እዚያው ተቋሙ ውስጥ የተገጣጠመ፣ 2 ሜጋባይት ሜሞሪ የነበረው ኮምፒውተር ነው። ቪርት ለፕሮግራመሮች እንግዳ ሰው አይደለም። ስንቱ ተማሪ ፕሮግራም የተማረበትን ፓስካልን በ1970 ያወጣው፣ በ1984 የቱሪንግን ሽልማት የተቀበለው እሱ ነው። የሰውየውን አቋም ፍንትው አድርጎ የሚያሳየው ግን ከፓስካል ይልቅ ኦቤሮን ነው ባይ ነኝ። አንድ ሶፍትዌር ቀላል ነው የሚባለው ዲስክ ላይ ትንሽ ቦታ ስለያዘ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሊረዳው ስለሚችል ነው።

ኦቤሮንን የሚከፍት ሰው ስዕላዊ ምልክት ቢፈልግ አያገኝም። ስክሪኑ ላይ ያለው ከሞላ ጎደል ጽሑፍ ብቻ ነው። መስኮቶቹም አንዱ ሌላውን አይሸፍንም፤ በሁለት ዓምድ ተከፍለው ጎን ለጎንና ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ። ትእዛዝ ማለት የሞጁል (የአንድ የፕሮግራም ክፍል) ስም፣ ነጥብ፣ ከዚያ በውስጡ ያለ የፕሮሲጀር (የአንድ ተግባር) ስም ነው፤ ይህ ቃል የትም ቦታ ተጽፎ ቢገኝ፣ በደብዳቤ መሃል እንኳ ቢሆን፣ በማውዙ የመሃል ቁልፍ ሲነካ ይፈጸማል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ሜኑ የምንለው እዚህ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ተጠቃሚው የሚያዘወትራቸውን ትእዛዞች በአንድ ገጽ ጽፎ ካስቀመጠ የራሱን ሜኑ ሠራ ማለት ነው። ተከፍቶ የሚዘጋ ፕሮግራም የሚባል ነገርም የለም። ሞጁሉ ሲፈለግ ይጫናል፣ ሜሞሪ ውስጥ ይቆያል፣ ሌሎችም ይጠቀሙበታል። ይህ አሠራር በዙሪክ አልቀረም። ፕሮግራመሩ ሮብ ፓይክ የሠራው አክሜ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ሐሳቡን የቀዳው ከኦቤሮን ነው፤ ጎ ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ሮበርት ግሪዘመርም የተማረው እዚያው ተቋም ነው።

ቪርት አቋሙን በ1995 ስለ ቀጭን ሶፍትዌር በጻፈው ድርሰት ዘርዝሮታል። ከ25 ዓመት በፊት የጽሑፍ ማዘጋጃ በ8,000 ባይት ይሠራ እንደነበር አስታውሶ፣ በእሱ ዘመን ያሉት ግን መቶ እጥፍ እንደሚጠይቁ፣ ፍጥነታቸውና ጥቅማቸው ግን በዚያው ልክ እንዳላደገ ተከራከረ። ሶፍትዌር የሚዘገይበት ፍጥነት ሃርድዌር ከሚፈጥንበት ይበልጣል የሚለው አባባልም የተስፋፋው በዚህ ድርሰት ነው። ሰዎች የቪርት ሕግ ቢሉትም እሱ ራሱ የሰጠው ለማርቲን ራይዘር ነው። ለሶፍትዌር ውፍረት ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ የጊዜ ጥድፊያ ሲሆን፣ ሌላው ደንበኛ የጠየቀውን ሁሉ ያለ ምርጫ መጨመር ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን በቤተ ሙከራው ያስከብረው የነበረው ደንብ ነው። ፕሮግራመር የጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር የሚያወጣውን ኮድ ለማፍጠን አንድ ማሻሻያ ይጨመር የተባለ እንደሆነ፣ ኮምፓይለሩ ራሱን ሲተረጉም የሚወስድበት ጊዜ ይለካል። ማሻሻያው ያስገኘው ፍጥነት ራሱ የጨመረውን ሥራ ካልሸፈነ ውድቅ ነው። እንግዲህ በዚህ ቤት አዲስ ነገር የሚገባው ኪራዩን ከፍሎ ነው።

ሜሞሪ እንዲህ በረከሰበት ዘመን ይህ ሁሉ ቁጠባ ምን ያደርጋል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። መርከሱ እውነት ነው፤ ጥያቄው ለማን ነው የሚለው ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት መሣሪያ ይፈልጋል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ የሚጠቀም ሰው፣ አገር ቤትም ይሁን ውጭ፣ ምንም ያልተበላሸ ማሽን ይዞ በር ላይ ይቀራል። እርግጥ ከነዚህ መስፈርቶች አንዳንዱ ለደህንነት የገባ እንጂ ውፍረት አይደለም። ችግሩ የትኛው ለደህንነት፣ የትኛው በልማድ እንደገባ ከውጭ ሆኖ መለየት አለመቻሉ ነው። እንደ ፓፒና ታይኒ ኮር ያሉት ትንንሽ የሊኑክስ ዓይነቶች አሮጌውን ማሽን ያነቃሉ፤ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም ከሥራቸው ያለው የሊኑክስ ከርነል ብዙ ሚሊዮን መስመር ኮድ አለው። ለመሸከም ቀላል ናቸው፤ አንብቦ መጨረስ ግን አይታሰብም።

ኦቤሮን የፕሮፌሰሮች መጫወቻ ነው የሚለው ትችት ከበድ ይላል። ለአንድ ተጠቃሚ የተሠራ ነው፣ አንድ ትእዛዝ ሲፈጸም ሌላው ይጠብቃል፣ የዛሬ ብሮውዘር አይሠራበትም። ይህን መካድ አይቻልም። የባንክ ሰርቨር ኦቤሮን ላይ ይሁን ያለም የለም። ማስረጃው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሴሬስ ይሠራበት የነበረው ፕሮሰሰር ከገበያ ጠፍቶ ነበርና፣ ቪርት በ2013፣ በ79 ዓመቱ፣ ኤፍፒጂኤ በተባለ ቺፕ ላይ የራሱን ትንሽ ፕሮሰሰር ነድፎ ኦቤሮንን በ1 ሜጋባይት ሜሞሪ እንደገና አስነሳው። መጽሐፉንም አብሮ አደሰ። ጡረታ የወጣ ሰው ከፕሮሰሰሩ እስከ ጽሑፍ ማዘጋጃው ያለውን እንዲህ መልሶ ሊሠራ የቻለው ነገሩ አንድ ጭንቅላት ውስጥ ስለሚገባ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንዲሉ፣ አብዛኛው ተጠቃሚ ይህ እንደሚቻል ስላላየ ጎድሎብኛል አይልም።

ለእኛ የሚቀርበው ተቃውሞ ግን የፊደሉ ነው። በኦቤሮን አንድ ፊደል የሚይዘው አንድ ባይት ነው፤ አንድ ባይት ከ256 በላይ ምልክት አይለይም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ 3.0 ሲገባ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ 345 ምልክት ነበር። ከዚያ በፊት በአማርኛ ኮምፒውተር የጻፈ ሰው ፋይሉ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ እየሆነ ስንት ጊዜ እንዳስቸገረ ያውቃል። ስለዚህ ቀላል የተባለው ነገር አንዳንዴ የቀለለው የእኛን ድርሻ ጥሎ ነው፤ የዩኒኮድ ክብደት ተገቢ ክብደት ነው። ቪርት ራሱ ከጉዳዩ የሚመነጨውን ውስብስብነት በራስ ላይ ከሚያመጡት ለይቶ ነበርና ይህን ለመቀበል አቋሙ አይከለክለውም። ልዩነቱ የሚታየው ጉድለቱን ለማስተካከል ሲነሱ ነው። ኦቤሮን ላይ ግዕዝ ልጨምር ያለ ፕሮግራመር ፊደል የሚነበብበትን፣ ቅርጹ የሚሳልበትንና ጽሑፉ ዲስክ ላይ የሚቀመጥበትን ሞጁል መጽሐፉን ገልጦ ያገኛል፤ ፊደሉን ከአንድ ባይት በላይ ሲያሰፋም የትኞቹ መስመሮች እንደሚነኩ አንድ በአንድ መቁጠር ይችላል።